ሐይቁ በረዶ የሚለብስበት ቀን

ዛሬ ምክንያቱን በውል የማላውቀው ትካዜ ይዞኝ ዋለ። በሞቃቱ ወራት መጥተው የነበሩት ሁሉ ሄደዋል፤ ቅጠሉም ስለረገፈ ድሮ ተሸሽገው የነበሩት ቤቶች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ መብራት የሚበራው ግን የቀረነው ጥቂቶች ዘንድ ብቻ ነው። ጋሼ ጀልባቸውን ከውኃ ሲያወጡ ላግዛቸው ወደ ዳርቻው ወረድኩ።

የጀልባ ማቆያው መዝጊያ ከውስጥ በኩል በእርሳስ በተጻፉ ቀኖች ተሞልቷል። እያንዳንዱ መስመር ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ የለበሰበትን ቀን ይናገራል። የላይኞቹ የአባታቸው የእጅ ጽሑፍ ናቸው፤ ከመደብዘዛቸው የተነሣ እንጨቱን ወደ ብርሃን ካላዞሩት አይነበቡም። ከአንዳንዶቹ ጎን አንዲት ቃል ታክላለች፦ «ነፋስ»፣ «በሌሊት»።

ከዚያ ወዲህ ልቤ ከእነዚህ ቀኖች አልወጣ አለ። በረዶው የአንድ ሌሊት ብርድ ሥራ ቢመስልም እንደዚያ አይደለም። ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስለሆነ፣ በመጸው ላዩ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሰምጣል፣ ከሥሩ ያለውም ቦታውን ይይዛል፤ ነፋሱም እያማሰለው ሐይቁ እስከ ወለሉ ድረስ ይገላበጣል፤ ዓሦቹ ከበረዶው በታች የሚኖሩበት ኦክስጅንም ወደ ጥልቁ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ሐይቁ በሙሉ ወደዚያ መጠን ከወረደ በኋላ ግን ይበልጥ የቀዘቀዘው ውኃ ስለሚቀልል ከላይ ይቀራል፣ በረዶውም ከላይ ይጀምራል። እንግዲህ በመዝጊያው ላይ ያለችው አንዲት ቀን የበጋውን ሙቀት፣ የመጸውን ነፋስና የውኃውን ጥልቀት ሁሉ በውስጧ የያዘች ናት። ጋሼና አባታቸው ይህን ያህል ነገር በአንድ መስመር ማስቀመጣቸውን ሳስበው በጣም አከብራቸዋለሁ።

በጃፓን ሱዋ ሐይቅ ዳር የሺንቶ ካህናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1443 ጀምሮ የሐይቁን በረዶ ሲመዘግቡ ኖረዋል። በረዶው ተሰንጥቆ ወደ ላይ ሲገፋ የሚሠራው ረጅም ጉብታ፣ አምላኩ ማዶ ወዳለችው ሚስቱ የተሻገረበት መንገድ ነው ብለው ያምናሉ። በፊንላንድና በስዊድን ድንበር ላይ በሚፈሰው ቶርኔ ወንዝ ደግሞ በረዶው የሚሰበርበት ቀን ከ1693 ጀምሮ ተጽፏል። ከጻፉት መካከል ብዙዎቹ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰምተው አያውቁም፤ ሆኖም ዛሬ ሊቃውንት የዓለምን መሞቅ ከሚያነቡባቸው እጅግ ረጅም መዝገቦች ሁለቱ እነዚህ ናቸው። በሱዋ በቅርቡ አሥርት ዓመታት ሐይቁ በረዶ ሳይለብስ የሚያልፍባቸው ክረምቶች በዝተዋል፤ ካህናቱ ግን አለመልበሱንም ይጽፋሉ።

የጋሼ ልጆች ራቅ ብለው ይኖራሉ፣ መዝጊያውም በታች በኩል ገና ባዶ ቦታ አለው። እርሳሱን ተቀበል ቢሉኝ በደስታ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሳይጠይቁኝ እኔ አንሥቼ ብነግራቸው፣ መሄጃቸውን እንደምጠብቅ አድርገው አይወስዱብኝ ይሆን?