ከፑንቲናው ተገላገልኩ፣ ቦቢናው ግን ጉድ ሠራኝ

ቮልስ አለህ? ፑንቲና ማስተካከል ሰልችቶህ በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ላስገባ እያልክ ነው? አስገባ፣ ያዋጣል። ግን አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት ቦቢናህን፣ ማለትም የባትሪውን ቮልቴጅ አሳድጎ ለካንዴላው የሚሰጠውን ዕቃ፣ አስለካ። ይህን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ክረምቱን ሙሉ የኋላውን ክዳን ከፍቼ መንገድ ዳር ባልቆምኩ።

የኔዋ የ1972 ሞዴል ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2024 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና አይገባም ካለ ወዲህ፣ ያለችንን አክሞ መያዝ የግድ ሆኗል።

ፑንቲና በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ካረንት የሚቆርጥ ነገር ነው። በቆረጠ ቁጥር ካንዴላው ላይ ብልጭታ ይወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በሴኮንድ 100 ጊዜ ይከፈታል። በ1910 ካዲላክ ላይ የገባ ዘዴ ነው፤ እስኪ ገምቱት። የኔን አውጥቼ ሳየው አንደኛው ፊት ላይ ጉብታ፣ ከትይዩው ደግሞ ልክ ያንን የሚያህል ጉድጓድ ነበረው። ብረቱ ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ላይ ተለጥፏል። እንዲህ በተበላ ፊት ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት እለካለሁ ማለት ቀልድ ነው።

ምትኩ ካረንቱን በኤሌክትሮኒክ የሚቆርጥ ትንሽ ሞጁልና ማግኔት ያለበት ቀለበት ነው። የሚነካካ ነገር ስለሌለው አይበላም። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። ገጠማው ቀላል ነው። ፑንቲናና ብልጭታ እንዳይበላው የሚጠብቀው ኮንደንሰር ይወጣሉ፣ ሞጁሉ በቦታቸው ይገባል፣ ቀዩ ሽቦ ቦቢናው ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩ ማይነሱ ላይ ይታሰራል። ታይሚንግ፣ ማለትም ብልጭታው የሚወጣበት ቅጽበት፣ ይፈተሻል። አለቀ። ብርዱ በሚቆነጥጥ ጠዋት እንኳ ቁልፉን ነካ ሳደርጋት ትነሳለች።

ችግሩ ከቦቢናው ነው። አሮጌው ዘይት ያፈስ ስለነበር አብሬ ልቀይረው ብዬ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። «ለኤሌክትሮኒክ ይሆናል ወይ?» አልኩት። «ወንድሜ፣ 12 ቮልት ይላል እኮ። ቦቢና ያው ቦቢና ነው!» ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አታምጣው ነው። አጭር መንገድ ላይ ምንም የላትም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ድንገት ጭጭ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ይህ ነው የሚያበግነው፤ ጋራዥ ስታደርሳት ጤነኛ ናት። አንዱ «ካርቡራቶር ነው» ብሎ ፈታታው፣ በቤንዚን አጠበው፣ ሒሳቡን ተቀበለኝ። ሌላው «የነዳጅ ፓምፑ ሲግል ነው» አለ፤ ተቀየረ። አንድ አንጋፋ መካኒክ ደግሞ «ይሄን የፈረንጅ ነገር አውጥተህ ጣለው» አሉኝ። አንዳቸውም ቴስተር አላነሱም። ካርቡራቶር ለመፍታት ግማሽ ቀን አላቸው፣ ሁለት ሽቦ ለማስነካት ግን ጊዜ የለም!

በመጨረሻ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን የቦቢናውን ሽቦዎች ነቀለ። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካካ፤ ከልኬቱ ላይ የሚቀነሰውን ለማወቅ ነው። ከዚያ ፕላስና ማይነሱ ላይ አሳረፋቸው። 1.5 ኦም (ኦም ካረንትን የመከላከል መለኪያ ነው)። «ጋሼ፣ ይሄ ባላስት ሬዚስተር የሚፈልግ ቦቢና ነው» አለኝ፤ ካረንቱን የሚቀንስ ተጨማሪ ዕቃ ማለቱ ነው። ለኔ ሞጁል የሚያስፈልገው 3 ኦም ገደማ ነበር። ሒሳቡ የትምህርት ቤት ነው። 12 ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር፤ 12 ለ1.5 ሲካፈል 8። በዚህ እጥፍ ካረንት ሞጁሉ ዳገት ላይ ግሎ ሥራ ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ቦቢናው ተቀየረ፣ ችግሩም ጠፋ። ባለ ሱቁ ጋ ስመለስ «ስትወስደው ሠርቷል አይደል?» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ያው ዓይነት ቦቢና አሁንም መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል።

ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት አሮጌውን ፑንቲና ጣሉት ይላል። አትጣሉት። ኮንደንሰሩንና አንድ ካቻቢቴ ጨምራችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩት። ሞጁል ሲሞት አያስጠነቅቅም፣ በየሱቁም አይገኝም። የካንዴላ ክፍተት ጨምሩ የሚለውንም አልሰማሁም፤ በ0.7 ሚሊ ሜትር ጥሩ ትሄዳለች። ለቮልስ ኢሪዲየም ካንዴላ ግዙ የሚሏችሁንም እለፏቸው። የኛን ችግር ሦስት ኦም ይፈታዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ከቆየም እንዲህ ያለ ሞጁል ይቃጠላል። መኪና አጣቢ ልጆች ደግሞ ቁልፍ ከፍተው ሙዚቃ መስማት ይወዳሉ። ስለዚህ ሬዲዮዬን ከቁልፉ ነጥዬ በፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው አስቀጥያለሁ፤ ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም።