ውሮን በስሪንጅ ማሳደግ፦ ከነሐሴ 2 እስከ እንቁጣጣሽ

እናቲቱን ድመት ሰፈራችን ውስጥ ባጃጅ ገጫት። ልጆቿ ጓሯችን፣ የእንጨት ክምሩ ሥር ነበሩ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ በዝናቡ አልቀው ደረስኩ። የቀረችው ቡራቡሬ ናት፤ ዓይኗ ገና ስንጥቅ ብሏል። የድመት ዓይን የሚከፈተው ከተወለደች ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ ስምንት ቀን ቢሆናት ነው ብዬ ገመትኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ወተት አሙቄ መሮጥ ነው። ስህተት! የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጓደኛዬ በስልክ ጮኸብኝ። «ጣትህን አፏ ውስጥ ክተት።» ከተትኩ። እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። «በል ወተቱን ተወውና አሙቃት። ቀዝቅዛ ሳለ ሆዷ አይሠራም።» በዚህ ዕድሜ የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም ለካ። የነሐሴን የጎንደር ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እማዬ ምድጃው አጠገብ አድርጋት አለች። የከሰሉን ጭስ ፈርቼ እምቢ አልኩ። መብራቱም አያስተማምንም። ስለዚህ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞላሁ (የሚፈላ አትሙሉ፣ ላስቲኩ ይጨማተራል)፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩና ካርቶኑ ውስጥ በአንድ ጎን አስቀመጥኩ። ሌላው ጎን ባዶ ይሁን፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አፏ ሞቀ። ያኔ መጮህ ጀመረች።

ነሐሴ 3 እና 4። ወተት ለመግዛት ወጣሁ። ፍልሰታ ነው! ወተት የምትሸጠው እትዬ አየችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ጾሙን ተውከው እንዴ?»
«ለድመት ነው፣ እትዬ።»
«ምነው፣ ድመቷ ሕፃን ናት አትጾምም በለኛ!»
እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ በየቀኑ ስትስቅብኝ ኖረች።

ወተቱ ብቻውን ግን አስቀመጣት። የድመት ወተት ከላም ወተት ይልቅ ፕሮቲኑም ስቡም ይበዛል፤ በላም ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ ሆዷን ያበላሻል። ለድመት ልጅ የሚዘጋጀውን ዱቄት ወተት በጠየቅኩባቸው ሱቆች አላገኘሁም። ጓደኛዬ ለችግር ቀን ያለኝ፦ አንድ ሲኒ የፈላና የበረደ ወተት፣ ግማሽ የእንቁላል አስኳል (ነጩን አይደለም)። ስኳርም ማርም የለም። ተቅማጡ በሁለት ቀን ቆመ።

ነሐሴ 5። ልጽፈው የማፍርበት ቀን። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አስተኝቼ በስሪንጅ ስሰጣት ወተቱ በአፍንጫዋ ወጣ። አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች። ወደ ሳንባ ቢገባ ያበቃላት ነበር። ድመት በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትጠባው። ስሪንጁንም እኔ መግፋት የለብኝም፤ ጠብታ ጠብታ እያልኩ እሷ እንድትስበው መጠበቅ ነው። መርፌ የሌለው ባለ 3 ሚሊ ስሪንጅ በቃኝ። ሌሊትም ቢሆን በየሦስት ሰዓቱ። ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ እኔና የስልኬ ደወል ተጣላን።

ሌላም ነገር አለ። እናት ካልላሰቻቸው ሽንታቸውን መሽናት አይችሉም። ከምግብ በኋላ ሁሉ ጥጥ በሞቀ ውሃ ነክሬ ከጭራዋ ሥር ቀስ አድርጌ አሻሻለሁ። መጀመሪያ ቀፈፈኝ። በኋላ ጥጡ ቢጫ ሲሆን የምደሰት ሰው ሆንኩ።

ክብደቷን የምለካው ብር ሠሪው ጎረቤታችን ጋ ነው። የመስቀል ብር በሚመዝንበት ሚዛን ላይ፣ በሻይ ሳህን አድርገን። ነሐሴ 3 ላይ 148 ግራም ነበረች። ነሐሴ 6 ላይ 139፣ የተቅማጡ ዕዳ። ከዚያ በኋላ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ትጨምር ጀመር፤ ጤነኛ የድመት ልጅም የምትጨምረው እንደዚያው ነው። ሰውየው «ዛሬስ ስንት ቀለበት ይወጣታል?» እያለ ይቀልዳል። ለማንኛውም ሚዛን አትዝለሉ፤ በዓይን ደህና የምትመስል ድመት ስትከሳ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

የነሐሴ ማለቂያና ጳጉሜን ብዙ ወሬ የላቸውም። ጥርስ አበቀለች፣ የስሪንጁን ጫፍ አኘከችው፣ ጥጡም ቀረ። በደንብ የተቀቀለና የደቀቀ ሥጋ በወተቷ ለውሼ በሳህን ሰጠኋት፤ ገብታበት ቆመች። አሸዋ የሞላሁበትን ሳህን ግን በአንድ ቀን ለመደችው። ኮራሁባት።

መስከረም 1፣ 545 ግራም። እማዬ ለበዓሉ ቄጠማ ጎዘጎዘች። ውሮ አሸተተችው፣ በእግሯ ጫር ጫር አደረገችው፣ ከዚያ እንግዶች እያዩ መሃሉ ላይ ቁጢጥ አለች። እማዬ መጥረጊያ አነሳች። እኔ ደግሞ ያለ ጥጥ ሸናች ብዬ ሳቅኩ።

የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ስለሚይዝ ሦስት ወር ሲሞላት፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ላስከትባት ነው። እስከዚያ ከግቢ አትወጣም። ስም ገና አልወጣላትም። እማዬ «ቄጠማ» እያለች ትጠራታለች፣ በንዴት።