በጓሮ በኩል

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሐምሌ ነው። ስነሳ ዝናብ፣ ቢሮ ስገባ ዝናብ፣ ስወጣ ዝናብ። ያቺ ሴትዮ (የትኛዋ እንደሆነች ታውቃላችሁ) ሪፖርቴን ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችው። የታክሲው ሰልፍ ማደያው ድረስ ደርሷል። የግራ ጫማዬ ውሃ ያስገባል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ትልቋ «እማ፣ ክብሪት አልቋል፣ እንዳትረሺ» ብላኛለች። ቀኑን ሙሉ ይዤው የዋልኩት ቁም ነገር ይኼው ነው፣ ክብሪት።

ከታክሲ ስወርድ እግሬ ወደ ሱፐርማርኬቱ ወሰደኝ። ከባንኩ ስር ወደተከፈተው። ደሞዝ የገባው ትናንት ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር ልገዛ ብዬ አልገባሁም። ብርሃን ስላለው ነው የገባሁት። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሙዚቃው ቀስ ያለ ነው፣ ማንም አያናግረኝም። ጋሪ እየገፋሁ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ። አንድ ማር አነሳሁ፣ ዋጋውን አየሁ፣ ደነገጥኩ፣ ቦታው መለስኩት። ያየኝ ሰው የለም። ሌላ አነሳሁ።

ይኼ ነገር እንዴት ደስ እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል። የሰፈር ሱቅ መስኮት ላይ ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ መሄድ ቀላል አይደለም። «ዘይት ስንት ገባ?» ትላላችሁ፣ ባለሱቁ ይነግራችኋል፣ የብሎክ ስምንቷ ሴትዮ ከኋላችሁ ቆማ ጆሮዋን አቁማለች። ከዚያ በኋላ «እሺ፣ ትንሹን ስጠኝ» ማለት ለሰፈሩ መግለጫ እንደ መስጠት ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን አቅሜ አለመድረሱን እኔና መደርደሪያው ብቻ ነን የምናውቀው። መደርደሪያ ደግሞ አያወራም።

ማካሮኒ፣ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት እርጎ፣ ሻምፑ፣ ለትንሹ ቸኮሌት። ካሸሯ ዝርዝር አጥታ መልሴን ሁለት ከረሜላ አደረገችው። (በዚህ በዚህስ ከሱቅ አልተለዩም። ከረሜላ የዚህ አገር ሁለተኛው ገንዘብ ነው።)

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የግቢያችን ዋና በር አጠገብ ያለችውን ኮንቴይነር ታውቋታላችሁ። ባለሱቁንም። ሱፐርማርኬቱ የሰጠኝ ቦርሳ ስሙ በትልልቅ ቀይ ፊደል የተጻፈበት ነው፣ ከሩቅ ይነበባል። በሩ ላይ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ መስኮቱ መብራቱን ወደ መንገዱ ሲረጭ አየሁና እግሬ ሳያማክረኝ ታጠፈ። በጓሮ ዞርኩ። ከሮቶው ጀርባ አጥሩ በተቀደደበት በኩል። ጭቃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ዋጠኝ፣ ቦርሳው ከካፖርቴ ስር ነው፣ እርጎው ሆዴ ላይ ይቀዘቅዛል።

ትንሹ በመስኮት ሲያየኝ ነበር። «እማ፣ ለምንድን ነው በጓሮ የመጣሽው?» አለኝ።

«ያሳጥራል» አልኩት። አያሳጥርም።

39 ዓመቴ ነው። በላቤ የገዛሁትን ማካሮኒ እንደ ሌባ ከልብስ ስር ደብቄ ቤቴ ገባሁ። እግሬን ታጥቤ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ስለዚህ ነው የማስበው። ባለሱቁ ልጅ ምን ያደርገኛል? ምንም። ቢያየኝም «እናት፣ ዝናቡ መታሽ እኮ» ነው የሚለኝ። ክፋቱም እሱ ነው።

የዱቤ ደብተሩን አንድ ቀን በአጋጣሚ አይቼዋለሁ። ረጅሙ፣ ጠርዙ በዘይት የወዛው። ለእያንዳንዳችን ገጽ አለን። የማንንም ስም አይጽፍም፣ እሱ የሚያውቀንን ነው የሚጽፈው። «የሦስተኛ ፎቅ ሙሽራ»፣ «ጋሽ ፖሊስ»፣ «የመንታዎቹ»። እኔ «ባለ መነጽሯ» ነኝ። የገጼን መስመሮች በዓይኔ ሮጥ ሮጥ አደረግኳቸው። ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አምስት እንቁላል፣ ሻማ፣ የሃምሳ ብር ካርድ፣ ዳቦ፣ ዳቦ፣ ዳቦ። ከጎናቸው ቀን አለ። 21፣ 22፣ 24፣ 26፣ 27።

ከወሩ 20 በፊት አንድም መስመር የለም። ከ1 እስከ 15 በዚያ ደብተር ላይ የለሁም፣ ሞቻለሁ ማለት ይቻላል። የት እንዳለሁ ደግሞ አሁን ነገርኳችሁ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ ጋሪ እገፋለሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ደሞዜ ለሱፐርማርኬቱ፣ ችግሬ ለሱቁ። ልጁ ያለ ወለድ የሚያበድረኝ እኔ በወሩ መጀመሪያ ከእሱ ሌላ ዘንድ ገንዘቤን እንድጨርስ ነው። ባንክ ቢሆን እንዲህ ያለውን ደንበኛ ገና ድሮ ያባርረው ነበር።

ዋጋው ይወደዳል የሚል ሰበብ አለኝ። አንዳንዱ ነገር እውነትም ይወደዳል። እሱ ከመርካቶ በሚኒባስ ጣሪያ የሚያመጣውን ሱፐርማርኬቱ በመኪና ሙሉ ያስገባዋል። ግን እሱ የሚሸጠውን ሱፐርማርኬቱ አይሸጥም። ስኳር ሩብ ኪሎ፣ ዘይት በኩባያ፣ አንድ ፍሬ ሲጋራ፣ አንድ ፍሬ ሻማ፣ በርበሬ በማንኪያ። ቸርቻሪ ማለት ይኼ ነው መሰለኝ። ሙሉውን መግዛት ለማይችል ሰው ነገርን እየቆረሰ የሚሰጥ። እኔ ወር ሲጋመስ ሙሉ ነገር አልችልም። እስቲ ካሸሯን አንድ እንቁላል ስጪኝ በሏት።

ስለ ካሸሯ ካነሳሁ አይቀር። ባለፈው ወር መጨረሻ፣ ማታ፣ መስኮቱ ጋ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ አንዲት ልጅ ቆማለች። ከጃኬቷ ስር ቀይ ዩኒፎርም ብቅ ብሏል። ያቺው ናት። «ሦስት እንቁላልና ሁለት ዳቦ፣ ጻፈው» አለችው። ጻፈው። የሰው ሸመታ ከነቫቱ በማሽን ስታስተላልፍ የምትውል ልጅ ማታ የራሷን በእስክሪብቶ ታስጽፋለች። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሁለታችንም እንደማንተዋወቅ ሆንን። በምን ስም እንደሚጽፋት ማወቅ አማረኝ።

ቢሮ ውስጥ ባልደረባዬ ኤ. ሱቅ አለቀለት ይላል። ለዓመታት ለአገር ሰው ብቻ ተከልሎ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብት ክፍት ሲሆን ሻይ ጋብዞን ነበር። «ትልልቆቹ ይመጣሉ፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ይኼ የኮንቴይነር ንግድ ሙዚየም ይገባል» አለን። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ሻይ የጋበዘ ሰው አይከራከሩትም።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ይምጡ» አለች። «ዱቤ ይሰጣሉ?»

እማዬ እንደ እኔ ለሱቅ አታለቅስም። በእሷ ልጅነት የነበረው ነጋዴ ሚዛን ይሰርቅ እንደነበር፣ ስኳር ላይ ምን እንደሚረጭ ሁሉ ትነግራችኋለች። በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ሱቅ መጣ። ስኳር በሰልፍ፣ ሳሙና በሰልፍ፣ ያውም በካርድ። «ያኔም ነጋዴ አለቀለት ተብሎ ነበር። አልቆ ነው ዛሬ ያለው?» ትላለች። አሁን እሁድ እሁድ ዘንቢሏን ይዛ የእሁድ ገበያ ትሄዳለች፣ እዚያ ሽንኩርት ይረክሳል። ስትመለስ ግን በር ላይ ካለችው የጉሊት ሴት አንድ መደብ ቃሪያ ሳትገዛ አታልፍም። ከገዛች በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ትላታለች። ሴትየዋ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርግላታለች። ያ ምርቃት ከሌለ ቃሪያው ቃሪያ አይመስላትም። አንድ ጊዜ ሱፐርማርኬት ይዣት ገብቼ ቲማቲም አስመዘንን፣ ልጁ ዋጋ ለጠፈበት፣ እማዬ ከረጢቱን ከፍታ ቆማ ትጠብቃለች። «ምንድን ነው የምትጠብቂው?» አልኳት። «ይመርቅልኝ እንጂ» አለች። ልጁ ግራ ገባው። እኔ አፍሬ ገፋ ገፋ አድርጌ አወጣኋት። ዛሬ ሳስበው ማን ማፈር ነበረበት?

እኔ ልጅ ሆኜ ሱፐርማርኬት ማለት ባምቢስ ነበር። የፈረንጅ ቤት ነው ብለን በር በሩን ነበር የምናልፈው። አሁን በየፎቁ ስር አለ። የሰፈሩን ሱቅ ግን ሲዘጋ ያየሁት በሱፐርማርኬት ምክንያት አይደለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ፣ ሱቁም ደንበኛውም አብረው ነው የተነሱት፣ ያውም ወደተለያየ አቅጣጫ። ጓደኛዬ ም. ከካዛንቺስ ተነስታ ዳር ካለው ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሽንት ቤቱ የራሷ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ መርቄያለሁ። «መጀመሪያ የጎደለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ጎረቤት ልትል ነው ብዬ ፊቴን አሳዘንኩ። «ዱቤ» አለች። ቁም ሳጥኑ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ፣ ሠላሳ ዓመት የተሠራው እምነት ግን አልተጫነም። ከፎቁ ስር ለንግድ የተሠሩት ቤቶች በጨረታ ነው የሚሸጡት፣ በዚያ ዋጋ ወስዶ ሩብ ኪሎ ስኳር የሚሸጥ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ እንደተዘጉ ናቸው። አሁን ስኳር የምትገዛው ሱፐርማርኬት ነው፣ ወዳ አይደለም።

ገበያ ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲወስደው አራዳ አለቀላት ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። አራዳ ፒያሳ ሆነች፣ የተነሳው ገበያ መርካቶ ሆነ። ይኼን ለኤ. ብነግረው ደስ ይለው ይሆናል። ለም. ግን አልነግራትም። እሷ የምትፈልገው ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የሚሆነውን አይደለም፣ ለነገ ቁርስ ዳቦ የሚጽፍላት ሰው ነው።

የእኛ ልጅ ራሱ ሱቁን እንደ ቅርስ አያየውም። ከአጎቱ ተረክቦት ነው፣ ቆጡ ላይ ነው የሚተኛው። ቀን ሲቀዘቅዝ ስልኩ ላይ የአካውንቲንግ ትምህርት ሲከታተል አይቸዋለሁ። «ስትመረቅ ምን ልትሆን ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ሳቀ። ከባንኩ ስር ወዳለው ሱፐርማርኬት በአገጩ አመለከተኝ። «ሒሳብ ያዥ ይፈልጋሉ አሉ» አለኝ። እኔ በጓሮ የምደበቅለት ሰው በፊት ለፊት በር ሊገባላቸው ነው! ያኔ ደብተሩን ለማን እንደሚያስረክበው መጠየቅ ነበረብኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ገጼ አልተዘጋም ነበር፣ ቀኑም 26።

እንዴ፣ መብራት ጠፋ።

ስልኬ 6 ፐርሰንት ላይ ነው። ቻርጀሩን የሰካሁት መስሎኝ ነበር። ትልቋ ከወጥ ቤት «እማ፣ ሻማው አለ፣ ክብሪቱን የት አደረግሽው?» ትላለች።

ክብሪት።

ማር ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሻለሁ። የሻምፑ ጀርባ አንብቤያለሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በብርሃን ዞሬያለሁ። ክብሪት የሚባል ነገር ግን ትዝም አላለኝ።

በመስኮት ሳይ የኮንቴይነሯ መስኮት ብቻ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ ሻማ ለኩሷል። ከፊቱ ሁለት ሦስት ሰው ቆሟል። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ይመስለኛል። ኪሴን ዳሰስኩ፣ ሁለት ከረሜላ አለ።

ትንሹ በጨለማው ጃኬቱን እየለበሰ ነው። «እኔ ልሂድ፣ ላምጣው» አለኝ። እሺ አልኩት። ጫማውን አጥልቆ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እማ፣ በየት ልሂድ? በፊት ነው በጓሮ?»