ድመቷ ትመለሳለች

ማኑዋል መኪና 22 ዓመት ነድቻለሁ። ፒክአፕ፣ ሚኒባስ፣ የጭነት፣ ያልነዳሁት የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን አውቶማቲክ ሲያመጣ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። "ይሄ እኮ መንዳት አይባልም፣ ተቀምጦ መሄድ ነው" አልኩ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት። ከአውቶማቲክ ሌላ ነክቶ የማያውቀው አዲሱ ልጅም እዚያው ቆሞ ነበር። እሱ እንዲሰማ ነው ጮክ ያልኩት፣ አልዋሽም።

ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ረፈደባቸው። ልጁ ቁልፉን ይዞ ሲመጣ "ዛሬ ልምድ ያለው ይንዳ፣ ቸኩያለሁ" አሉና ከኋላ ገቡ። ልጁ የሚያደርሰው ሰነድ ስለነበረው ከጎኔ ተቀመጠ።

አነሳሷ ቀላል ነው። ፍሬን ረግጠህ ታስነሳለህ፣ ማርሹን ከፒ (ከማቆሚያው) ወደ ዲ (ወደ መንጃው) ታወርዳለህ፣ ፍሬኑን ስትለቅ ነዳጅ ባትሰጣት እንኳ ራሷ መንፏቀቅ ትጀምራለች። መንፏቀቋ ትንሽ አስደነገጠኝ፣ ግን ዋጥ አደረግኩት። ዋናው መንገድ ገባን። ፍጥነት ስጨምር የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ ጆሮዬም "ሦስተኛ አስገባ" አለኝ። ጆሮዬ ለእግሬ ነገረው። እግሬ እኔን አላማከረም።

ፍሪሲዮን ማኑዋል ላይ ማርሽ ስትቀይር በግራ እግር የምትረግጠው ፔዳል ነው። አረጋገጡን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በስሱ አይደለም፣ ባንዴ እስከ ወለሉ ነው። ግራ እግሬ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረው ይሄንኑ ብቻ ነው። ፍሬንን እየለኩ መርገጥ የቀኝ እግር ሙያ ነው። ግራዬ አውቶማቲክ ላይ የሌለውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ያንን ሰፊውን የአውቶማቲክ ፍሬን አገኘና ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው።

ጎማው ጮኸ። የሥራ አስኪያጁ መነጽር በሁለታችን መሃል በርሮ ጭኔ ላይ አረፈ። ከኋላችን የነበረው መኪና ለጥቂት ሳተን፣ ክላክሱ ግን አልማረንም። ቀኝ እጄ ያው ማርሹን እንደጨበጠ ነው።

"ምን ገባብህ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ድመት" አልኩ።

ልጁ መንገዱን አየ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። ምንም አላለም። መነጽሩን ከጭኔ ላይ አንስቶ በአክብሮት ወደ ኋላ አቀበለ። መንገድ ስንጀምር ጠጋ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ጋሼ፣ ግራ እግርዎን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጓት። አለዚያ ድመቷ ትመለሳለች" አለኝ።

ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀም። ከጉድ እንዳወጣኝ አውቃለሁ፣ የሚያበግነኝም እሱ ነው። እስካሁን አውቶማቲክ ስነዳ ግራ እግሬን ወንበሩ ሥር አጥፌ ነው፣ ምክሩ የእሱ መሆኑን ግን ለማንም አልተናገርኩም። እሱም ለማንም እንዳልተናገረ ይምላል። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹ "ድመቷ ደህና አደረች?" የሚሉኝ ከየት አምጥተው ነው?

ከወር በኋላ የዚያችው መኪና ባትሪ ሞተ። ልጁ ጥበቃዎቹንና ተላላኪዎቹን ሰብስቦ "ግፉልኝ" አለ። አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። ማርሹን የሚያስይዘው የዘይት ግፊት ነው፣ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከሞተ ጎማው እስኪነጋ ቢሽከረከር ወደ ሞተሩ የሚደርስ ነገር የለም። ማኑዋል ቢሆን ሁለተኛ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ማድረግ ነበር፣ አለቀ።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ግቢውን ሁለት ጊዜ እስኪዞሩ ጥላ ሥር ቆሜ አየኋቸው። ሦስተኛውን ሲጀምሩ የባትሪ ኬብሉን ይዤ ሄድኩ።

ልጁ በላብ ተጠምቋል። ኬብሉን አየ፣ ጥላውን አየ፣ እኔን አየ።

"ጋሼ፣ እዚህ ነበሩ እንዴ?"

"ድመት ሳባርር ቆይቼ ነው" አልኩት።