በሞሪስታውን ያየኋቸው ሁለት ሥዕሎች

ከኒው ዮርክ የተነሣው ባቡር በሃድሰን ወንዝ ሥር አልፎ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወደምትገኘው ሞሪስታውን ያደረሰኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ ነው። የሄድኩት የቶማስ ናስትን የፖለቲካ ካርቱኖች ለማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 በጀርመን የተወለደው ናስት በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ፣ «ሃርፐርስ ዊክሊ» በተባለው መጽሔት ላይ በሚያወጣቸው ሥዕሎች የምርጫ ቅስቀሳን መልክ የለወጠ ሰው ነው። የኖረበት ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ከቤቱ ማዶ ያለው ማካሎክ ሆል ሙዚየም ደግሞ ሥራዎቹን በብዛት ይዟል።

ረጅም ጊዜ የቆምኩት በ1864 በወጣው ሥዕል ፊት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ በሚወዳደርበት በዚያ ዓመት ሕዝቡ በሰሜንና በደቡብ መካከል በሚካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ተሰላችቶ ነበር፤ ቺካጎ የተሰበሰቡት ዴሞክራቶችም ተኩስ ቆሞ ድርድር እንዲጀመር ጠየቁ። ናስት የሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አንድ እግሩ የተቆረጠ የሰሜን ወታደር በክራንች ተደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጀግኖች መቃብር ላይ እግሩን ያሳረፈውን የደቡብ ሰው ይጨብጣል። አሜሪካን የምትወክለው ሴት መቃብሩ ሥር ተደፍታ ታለቅሳለች። ከኋላ አንድ ጥቁር ወታደር ከነቤተሰቡ በሰንሰለት ታስሯል። ሪፐብሊካኖች ይህን ሥዕል አባዝተው ለሊንከን ቅስቀሳ በተኑት። መጽሔቶች ፎቶግራፍን እንዳለ ማተም በማይችሉበት በዚያ ዘመን ሥዕሉ በእንጨት ላይ ተገልብጦ ተሥሎ በቀራጮች እጅ ይፈለፈል እንደነበር ሳስብ፣ የእያንዳንዷ ቀጭን መስመር ድካም ታየኝ።

ሁለተኛው በታኅሣሥ 1876፣ በሪፐብሊካኑ ሄይስና በዴሞክራቱ ቲልደን መካከል የተደረገው የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ውጤት ገና እያከራከረ ሳለ የወጣ ነው። ሚዛን ላይ የደቡብ ጥቁር መራጭና የሰሜን አየርላንዳዊ መራጭ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ማላገጫ ሆነው ተሥለዋል፣ ድምፃቸውም «የመሃይም ድምፅ» ተብሏል። በዚያው ዓመት በሳውዝ ካሮላይና፣ ሃምበርግ በተባለች ከተማ፣ የታጠቁ ነጮች ጥቁር ሚሊሻዎችን ገድለው ነበር። ለመምረጥ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥልን ሰው፣ ያውም የራሱን የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊ፣ ናስት እንዲህ ማዋረዱን ይቅር ልለው አልቻልኩም። በሰንሰለት የታሰረውን ያን ቤተሰብ የሣለው ይኸው እጅ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አሳዘነኝ።

ከመውጣቴ በፊት ወደ መጀመሪያው ሥዕል ተመለስኩ። ጥቁሩ ሰው በሰንሰለት የታሰረው የሰሜኑን ሠራዊት ልብስ እንደለበሰ ነው።