አደይን እስከ ኅዳር ሚካኤል ማቆየት

ወርኃ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይወጣል። አደይ ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ ጥቅምት ሲጋመስ በጎጃም ማሳ ዳር የሚቀረው አገዳና ፍሬ ብቻ ነው። እመቤታችንና ልጇ በአበባና በፍሬ ተመስለው በሚወደሱበት በዚያ ሰሞን በሥዕለ ማርያም ግርጌ አደይ እንዲኖር ከተፈለገ በመስቀል ሳምንት ለቅሞ ማድረቅ ነው።

የምለቅመው ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ነው። እርጥቡ ታስሮ ከተሰቀለ መሀሉ ይሻግታል፤ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ለመስቀልም አይመለስም። ሙሉ በሙሉ የፈነዳውን እተወዋለሁ፤ ተቆርጦም ቢሆን ፍሬ ማሰሩን ስለማያቆም ቢጫው ቅጠል ሲነኩት ይረግፋል። ቀለሙን የሚይዘው ገና ግማሽ የፈነዳው ነው።

የታች ቅጠሉን ገፍፌ ከ10 እስከ 15 አገዳ አንድ ላይ አስራለሁ። ክር አይሆንም። አገዳው ሲደርቅ ይቀጥንና እስሩ ላልቶ አንድ በአንድ ይንሸራተታል፤ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ግን አብሮት ይጠብቃል። ከዚያ ቁልቁል ዘቅዝቆ ጨለም ባለ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መስቀል። ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ወርቃማነቱን ግን ይወስድበታል። ከምድጃ በላይ መስቀል ለዘር በቆሎ ደግ ነው፤ አበባን ጥላሸት ያለብሰዋል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ ይቆይ።

እርጥቡን አበባ በዳዊት ገጾች መሀል የሚከት ሰው አለ። ለበረከት ብሎ ነው፤ መጽሐፉን ግን ያበላሸዋል። በመጀመሪያ በነጭ ወረቀት መሀል ከባድ ነገር ተጭኖበት ይሰንብት፣ ወረቀቱም ለሦስት ቀን በየቀኑ ይቀየር። ወረቀቱን ማርጠብ ሲያቆም ወደ ዳዊቱ ይግባ።

ከደረቀ አበባ የተፈጨ መስተፋቅር ነው ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ከማንም እጅ አልቀበልም። ከተፈጨ በኋላ አበባ ይሁን መርዝ አይለይም። የሚጠጣ ከተባለማ ጭራሽ።

ኅዳር 12 ቀን፣ «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ዕለት፣ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ በየደጁ ጥራጊ ይቃጠላል። በሥዕል ፊት የከረመ አበባ እግር ስር አይጣልም፤ ከጥራጊው ክምር ጋርም አልቀላቅለውም። በገል ላይ ፍም አድርጌ ለብቻው አጨሰዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አደይ ሲጨስ የሚሸተው ገለባ ገለባ ነው። መዓዛው የሚመጣው አብሮት ከሚገባው ነው፤ አንድ ጭብጥ የደረቀ አሪቲ፣ አውራ ጣት የምታህል የከበርቾ ሥር፣ ጥቂት ጠንጀት። ቡዳና ክፉ መንፈስ ያርቃል የሚባለውም ከበርቾው እንጂ አደይ አይደለም፤ አደይ የሚገባው ለክብሩ ነው። ከበርቾ ቀስ ብሎ ስለሚይዝ ይቅደም። አሪቲና ጠንጀቱ ይከተሉ። አደይ መጨረሻ ላይ ቆንጠር እየተደረገ ይነስነስ፤ አንዴ ከፈሰሰ ቦግ ብሎ ይነድዳል እንጂ አይጨስም። በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ የከሰል ፍም በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። አስም ያለበትና ሕፃን ጢሱ እስኪያልፍ ደጅ ይቆዩ።