ነርሲንግና ድርሰት

ዋና ትምህርቴ ነርሲንግ ነው፤ በማይነር (ከዋናው ጎን በሚወሰድ ንዑስ ትምህርት) ደግሞ የፈጠራ ጽሑፍ እማራለሁ። እዚህ አሜሪካ ማይነር ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ኮርስ ነው። እማዬ «ተረት ለመጻፍም ይከፈላል እንዴ?» አለችኝ። ይከፈላል እማ፣ ያውም በክሬዲት ሰዓት እየተቆጠረ!

ወርክሾፕ የሚሉት ነገር ግን ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ወርክሾፕ ነው ዘዴውን ያስፋፋው። ታሪክሽን ቀድመሽ ለክፍሉ ታድያለሽ። ከዚያ ሁሉም ሲተቹ አንቺ ጭጭ። ባለፈው ስለ ለቅሶ ቤት ጻፍኩ። አንዱ «ይሄ ሁሉ ሰው ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም?» አለ። ላስረዳው ምላሴን በላኝ። መምህሯ ግን «መልሱን ጽሑፉ ውስጥ አስገቢው» አለችኝ። አሁን ፍራሹን፣ ንፍሮውን፣ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱትን ጎረምሶች እየጨመርኩ ነው። ማስረከቢያው አርብ ነው፤ ሐሙስ ሌሊት ደግሞ ሆስፒታል ተረኛ ነኝ።